የጀልባ ጣቢያውን ወደ ደጄ ስላለማምጣት

ይድረስ ለክቡር የወንዝ ማዶ ሰፈሮች ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና፣ ቅሬታ፣ ኑዛዜና አንድ ልመና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ትንፋሽዎ ደኅና ናቸው ወይ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩም እኔ በመጣሁ ቁጥር «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስለማገኘው፣ እኛን ለማገልገል ሲሉ በየቀኑ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣትና መውረድ እንዴት እንደሚያደክምዎ እያሰብኩ ስጨነቅ ኖሬአለሁ። ኋላ ግን የበሩ ጥበቃ «እሳቸው በወር አንድ ቀን ብቅ ቢሉ ነው» ብሎ ስላጽናናኝ፣ ጉልበትዎ ምንም እንዳልሆነ በማመን ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ አስገብቼልዎታለሁ። ይህ አሥራ ሁለተኛው ነው። ይኼኛውን ሳላሽግ በጋዜጣ ያወጣሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ከእርስዎ ሌላ ሊያነቡት የሚገባቸው ሰዎች በታችኛው ሰፈር ስላሉ ነው። ለምን እንደሚገባቸው ሲደርሱበት ይረዱታል፤ እስከዚያው ድረስ እኔ እርስዎን በታገሥኩት ትዕግሥት እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ማንነቴን ምናልባት ረስተውት ከሆነ፣ በትልቁ ከተማ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ነኝ። ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ስሕተት ስለቅም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ እናትና አንዲት ታናሽ እኅት አሉኝ። የቅሬታዬ ሁሉ ሥር ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ የእርስዎን ካርታ ማመኔ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ፣ እናቴና እኅቴ ከተማው መሃል በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኅቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ብትደፍንም ከእናቴ ጀምሮ እስከ ደንበኞቿ ድረስ ሁሉም ሚጣ ነው የሚላት። ግቢው ለፎቅ ተፈልጎ ልቀቁ ስንባል፣ እንደ ብዙ ሰው እኛም ዓይናችንን ወደ ወንዙ ማዶ ጣልን። ማዶው፣ ክቡርነትዎ ተሻግረው ባያዩት እንኳ በካርታ እንደሚያውቁት፣ ሁለት ሰፈር ነው፤ ወደ ወንዙ መምጫ የላይኛው ሰፈር፣ ወደ መውረጃው ደግሞ የታችኛው ሰፈር። በመካከላቸው ረግረግ አለ፤ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ያስኬዳል፤ መኪና አያልፍበትም።

እኔ ቤት ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ፣ ደብተር ገዝቼ፣ በዝናብም በፀሐይም፣ በሥራ ቀንም በእሑድም እየተሻገርኩ ሁለቱን ሰፈሮች አጠናሁ። የቧንቧውን ውሃ ቀመስኩ። ጎረቤቶቹ በስንት ሰዓት ሬዲዮ እንደሚከፍቱ ጠየቅኩ። በመጨረሻም ወደ ክቡርነትዎ የካርታ ክፍል ወጥቼ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ ባለሙያ በላይኛው ሰፈር ዳርቻ ላይ ያለች ሰማያዊ ነጥብ አሳየኝ። «የጀልባው ጣቢያ እዚህ ጋ ነው የሚሠራው፤ በስድስት ወር ውስጥ» አለኝ። የካርታውን ቅጂ ጠየቅኩ፤ ሰጠኝ፤ ማኅተም አስመታሁበት። ከዚያ ከነጥቡ መቶ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ያለውን ቤት ያዝኩ። እናቴም «ጥናት ያለው ቤት ይሻላል» ብላ ከእኔ ጋር ገባች።

ሚጣ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ተሻግራ፣ በታችኛው ሰፈር አንድ መስኮት ከፍታ ውሃውን አየችና «በቃ ይኼን ነው የምፈልገው» አለች። ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አልፈጀባትም። ያኔ ታችኛው ሰፈር መንገድ የለው፣ መጓጓዣ የለው፤ ያለው እንቁራሪት ብቻ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ሥራሽ ምን ላይ ሆነሽ ልትሄጂ ነው፣ እንቁራሪት ላይ?» አልኳት። ሳቀችብኝና «እትዬ፣ አንቺ እኮ ቤት ስትመርጪ የተማሪ ፈተና የምታርሚ ነው የሚመስለው» አለችኝ። በሆዴ «ቆይ እናያለን» አልኩ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም አሳዩኝ።

ሁለተኛ፤ ከስምንት ወር በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ «በላይኛው ሰፈር በኩል የወንዙ ወለል ደለል የበዛበት ሆኖ ስለተገኘ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ሰማያዊዋ ነጥብም ረግረጉን በአንድ ዝላይ ተሻግራ ታችኛው ሰፈር ላይ አረፈች። አረፈች ስል የት መሰለዎት? ከሚጣ ደጃፍ ሠላሳ እርምጃ ላይ። እኅቴ በስልክ እየጮኸች «እትዬ፣ ጉድ ሆነልሽ! ደጄ ላይ ጀልባ ሊቆም ነው! እኔ ሳላውቅ እኮ!» አለችኝ። «ሳላውቅ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። እኔ ዐውቄ ነበር፤ በማኅተም ዐውቄ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ድልድዩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቢረዝምብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም በየቀኑ እዚያ ላይ ነው የምረዝመው።

ከላይኛው ሰፈር ወደ ከተማው የሚሄደው ሚኒባስ ብቻ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እሰለፋለሁ። አንዳንዱ ሚኒባስ የኋላ መስታወቱ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ እኔ ያለሁበት ከሆነ ጸሎቱ ተሰምቶለታል ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እንቆማለን። ሰዓት ተኩል የሚፈጀው መንገድ ግማሹ ቆሞ መጠበቅ ነው። ክቡርነትዎ ያሠሩት ጀልባ ደግሞ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣ በድልድዩ ሥር ያልፋል። ከታችኛው ሰፈር ከተማው ድረስ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። እኔ ከላይ ሆኜ፣ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ፣ በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ፣ ሚጣ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆማለች። የታጠበ ፀጉሯን ንፋስ ያደርቅላታል። በአንድ እጇ ዳቦ ትገምጣለች። በሌላው እጇ ታውለበልባለች፤ እኔ የትኛው ሚኒባስ ውስጥ እንዳለሁ ስለማታውቅ ለቆሙት ሚኒባሶች ሁሉ ተራ በተራ ታውለበልባለች። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ «ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ደግ ናት፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ትሰጣለች» አለኝ። አላውቃትም አልኩት።

እኅቴን አላውቃትም አልኩ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ቁጥር ልስጠው ብዬ ሳስብ ከየትኛው ቅሬታ ሥር እንደሚገባ ጠፋኝ።

አራተኛው ስለ ሚኒባሶቹ ወንበር ነበር፤ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ እናቴ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙም በሳምንት ሦስት ቀን ከተማው ሆስፒታል እየሄደች ጉልበቷን እንድታለማምድ፣ ካልሆነ ግን እንዲሁ ደርቆ እንደሚቀር በጥብቅ አስጠነቀቀ። ሦስት ሳምንት በሚኒባስ አመላለስኳት። ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ ረዳቱ ከላይ ይጎትታል። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ፊቷ ዐመድ መስሎ ወረደችና «ልጄ፣ ጉልበቴን እናድናለን ሲሉ ወገቤን ገደሉት» አለችኝ። ሚጣ ይህን እንደሰማች «እማዬ እኔ ጋ ትሁና፤ ጀልባው ውስጥ እግሯን ዘርግታ ነው የምትሄደው» አለች። እውነቷን ነበር። ውሸቷን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ «ለሁለት ሳምንት ነው» እያለች ሻንጣዋን ስታሰናዳ ቆሜ አየኋት። ነጠላ ጫማዋን ከተተች፣ መነጽሯን ከተተች፤ በመጨረሻ ትራሷን አነሣች። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ትራስ ይይዛል? ተሸክሜ አደረስኩላት።

በወሩ ልጠይቃት ስሄድ ቤት ውስጥ የለችም። ጣቢያው ላይ፣ ከትኬት ቆራጯ ጎን ወንበር ተደርጎላት ተቀምጣለች። የሚያልፈው ሁሉ «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ይላታል። ዳቦ ሊገዛ የሚሄድ ሰው «እማማ፣ ተራዬን ይያዙልኝ» ይላታል፤ ትይዛለች። በአንድ እጇ ምርኩዟን፣ በሌላው የአምስት ሰው ተራ ይዛ ትስቃለች። እናቴ ስትስቅ የላይኛው ድዷ እንደሚታይ ረስቼው ነበር። እኔ ቤት ከገባች ወዲህ አይቼው ስለማላውቅ ነው የረሳሁት። «መጣሽ?» አለችኝ፤ ቀጥላም «ቁጭ በይ፣ የሚቀጥለው ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ታያለሽ፣ እንዴት እንደሚያምር» አለችኝ። አየሁት። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ስድስተኛው ስለ ደብዳቤዎቼ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

አሥር ደብዳቤዎች ጽፌልዎታለሁ፤ አሥሩም እውነት ነበሩ። ተጨማሪ ሚኒባስ ጠየቅኩ። በረግረጉ ላይ የእግር መንገድ ጠየቅኩ። ባለ ማኅተሙን ካርታ አያይዤ ማብራሪያ ጠየቅኩ። አንድ ጊዜም በማስታወቂያዎ ላይ ያገኘኋቸውን አሥራ ሰባት የፊደል ግድፈቶች ያለ ምንም ክፍያ አርሜ ላክሁ። ለአሥሩም ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ።

አሥራ አንደኛውን እናቴን ጠይቄ በተመለስኩ ማግስት፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቅናት ነው የጻፈው፤ እኔ ግን ለቅናቴ «የሕዝብ ደኅንነት» የሚል ስም አወጣሁለት። «የታችኛው ሰፈር መሳፈሪያ ሳንቃዎች እርጥበት ጠግበው ሻግተዋል፤ አረጋውያን በየዕለቱ እየተንሸራተቱ ነው፤ የሰው ሕይወት ከመጥፋቱ በፊት ይታሰብበት» አልኩ። ስሜ እንዲጠበቅልኝም ጠየቅኩ። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ አንድ ቀን በፊት እነዚያ ሳንቃዎች ላይ ቆሜ ነበር። እንደ ብስኩት የደረቁ ነበሩ። የተንሸራተተ ሰው አላየሁም፤ አንድም።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ተዘጋ። ለአሥሩ እውነቶቼ ያልተነሣው ጽሕፈት ቤት ለአንዲቷ ውሸቴ በሩጫ ደረሰ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቀልጣፋ አገልግሎት አይቼ አላውቅምና ከልብ አመሰግናለሁ። «ጥናቱ እስኪጠናቀቅ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከሥሩም የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር፣ ያለ አንዳች ግድፈት፣ ቃል በቃል ተገለበጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናንተ የወጣ ንጹሕ ጽሑፍ እሱ ነው።

ደስ አለኝ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ቆመን ቁልቁል ሳይ ውሃው ባዶ ነበር። የሚያውለበልብ የለም። ያን ቀን ሥራዬን እየዘፈንኩ ሠራሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሰባተኛ፤ ውጤቱን ሪፖርት ማድረግ ስላለብኝ አደርጋለሁ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች በረግረጉ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ እየዳከሩ ወደ እኛ ሚኒባስ ሰልፍ መምጣት ጀመሩ። ሚጣ ሥራዋ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቀን አረፈደች፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ከመስታወቱ ፊት ያለውን ወንበሯን ለሌላ ሰጥታ እሷን ፀጉር ወደ ማጠብ መለሰቻት። እናቴ ደግሞ ረግረጉን መሻገር ስለማትችል ስምንት ጊዜ ልምምዷ አመለጣት። ጉልበቷ ደረቀ። ከወንበር ለመነሣት የሰው እጅ መጠበቅ ጀመረች። ይህን ሁሉ በስልክ ስሰማ «ወይኔ፣ ይገርማል» እል ነበር። ይገርማል!

በሦስተኛው እሑድ ሚጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በሬን አንኳኳች። «እትዬ፣ የሰፈሩ ሰዎች አቤቱታ ሊያስገቡ ነው። እንደ አንቺ ጽሑፍ የሚችል የለም፤ ጻፊልን» አለች። ወረቀት አወጣሁ፤ ብዕር ያዝኩ። እሷም ስልኳን አውጥታ የማስታወቂያውን ፎቶ አሳየችኝና ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ተማሪ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ በጣቷ እያመለከተች እንዲህ አለችኝ፦

«ይቺን ድርብ ሰረዝ አየሻት? ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ በቀይ የምታስገቢብኝ እኮ ናት። እዚህ አገር እሷን በቦታዋ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው አላውቅም። ማስታወቂያው ሥር ቆሜ ነው ያወቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?» አልኳት።

«የዘጋው እጅ ይክፈተው ብዬ ነዋ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንቺ ትነግሪያታለሽ።» ውሃ ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት፤ እግሯን ታጠበችና ያንኑ ጭቃ ተመልሳ ሄደች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

በማግስቱ እኔም ረግረጉን ተሻግሬ ለእናቴ ነገርኳት። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ «እኔን ፈልገሽ ከሆነ መጥተሽ አትወስጂኝም ነበር? ጀልባው ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

አሁን እናቴ፣ ልምምዷ ጨርሶ እንዳይቀር፣ በሰው ሸክም ረግረጉን ተሻግራ እኔ ቤት ተመልሳለች። ሚጣም በሥራ ቀናት እኔው ጋ ታድራለች። ጠዋት ጠዋት ሦስታችንም አንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ተጣብቀን እንሄዳለን። ምኞቴ ሁሉ ሞላ፤ እናቴም እኅቴም አጠገቤ ናቸው፣ ማንም ከእኔ ቀድሞ አይደርስም። ድልድዩ ላይ ስንቆም ግን እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ ታዞራለች፤ ሚጣም የማንንም ዓይን አታይም። ሰው የተመኘውን አግኝቶ እንዲህ የሚተናነቀው ከሆነ፣ መመኘት ራሱ በጽሕፈት ቤት ፈቃድ ቢሆን መልካም ነበር።

ስምንተኛ፤ አሥራ አንደኛውን ደብዳቤ ልሰርዝ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የቅሬታ መቀበያ ሠራተኛዋ፣ በጣም ትሑት ሴት ናት፣ «ቅሬታ የሚሰረዘው ሐሰት መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው» አለችኝ። «ማስረጃው እኔ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ለመዋሸትዎ ምስክር አለዎት?» አለችኝ። ስለ እውነት ምስክር ሲጠየቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህ ግን አዲስ ነው። ምስክር አምጪ ካላችሁ እነሆ፣ ዛሬ ጋዜጣ አንባቢውን ሁሉ አቅርቤአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከክቡርነትዎ ፊርማ ጋር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። «ላሳዩት የዜግነት ንቃት» ታመሰግኑኛላችሁ፤ ቀጥሎም የታችኛው ሰፈር ጣቢያ ተነሥቶ በላይኛው ሰፈር፣ መጀመሪያ በታቀደበት ቦታ እንደሚሠራ ታበሥሩኛላችሁ። ከበሬ መቶ አርባ እርምጃ። ደለሉ ወዴት እንደሄደ ደብዳቤው አይናገርም።

አልዋሽዎትም፤ ውሸት በቅቶኛል። ያን ደብዳቤ ለማንም ሳልናገር ሁለት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅሁት። ዘጠኝ ደቂቃዋን አሰብኳት። ፀጉሬን ታጥቤ፣ ዳቦዬን ይዤ፣ ጀልባው ጫፍ ላይ ስቆም ታየኝ። ለማን እንደማውለበልብ ሁሉ አስቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለሚጣ አሳየኋት። አነበበችውና «ደስ ይበልሽ፣ እትዬ፤ ለእማዬም ይቀርባታል» አለች። ሽሙጥ ካለበት ብዬ ፊቷን አጠናሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሕተት የለቀመ ዓይን ነው ያለኝ፤ አንድም አላገኘሁበትም። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ልመናዬ አጭር ነው። ጣቢያውን ከታችኛው ሰፈር አታንሡት፤ ክፈቱት። ሳንቃዎቹ ደኅና ናቸው። እዚያ ያሉ ሰዎች መንገድም ሚኒባስም የላቸውም፤ እኛ ቢያንስ የምንማረርበት አለን። ከዚህ ጋር የተያያዘው አቤቱታ የሰባ ሦስት ሰዎች ፊርማ አለበት፤ ጽሑፉ የእኔ ነው፣ የመጀመሪያውም ፊርማ የእኔ ነው። የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች ሆይ፣ ደጃችሁን ያዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ ባትሰጡኝም እረዳለሁ።

ክቡርነትዎ ግን ደግ ሴት ሆንኩ ብለው እንዳይሳሳቱ። ቅናቴ እንዳለ ነው። ነገ ጀልባው ቢከፈት እናቴ ትራሷን ይዛ ትመለሳለች፤ ከነገ ወዲያ እኔ ድልድዩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አንጀቴ ያርራል። ይረር። የእኔ አንጀት ነው፤ የእናቴ ጉልበት አይደለም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአሳንሰርዎ ጠጋኝ፣ ለካርታዎ በአንድ ቦታ መርጋትን እየተመኘሁ፣ በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሼ እስኪያልቅ መልስዎን በአክብሮት የምጠባበቅ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባለውለታ፣ ደንበኛና ሰለባ፤

አራሚዋ
ከላይኛው ሰፈር

ግልባጭ፦
ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከይቅርታ ጋር
ለካርታ ክፍል፣ ከአንድ ላጲስ ጋር
ለእናቴ፣ በትልልቅ ፊደል

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል አንድ ግንበኛ ጎረቤቴ፣ ጣቢያው ወደ እኛ የሚዛወረው በእኔ ንቃት ሳይሆን፣ ክቡርነትዎ በላይኛው ሰፈር የውሃ ዳር ቤት እያሠሩ ስለሆነ ነው አለኝ። እኔ ወሬ አላምንም። ነገር ግን እግረ መንገዴን ሄጄ አየሁት፤ ሁለት ፎቅ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ፊቱ ወደ ወንዙ። በጣም ያምራል፤ ቀናሁ። ስቀና ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደምጽፍና ጽሕፈት ቤትዎም በስንተኛው ቀን እንደሚደርስለት ደግሞ ከማንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ።